የሰረቅሁትን በጾም ስከፍል

ከታኅሣሥ 2008 እስከ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ድረስ የጾምሁትን ያህል በዕድሜዬ ጾሜ አላውቅም። ረቡዕን ቀድሞም እጾም ነበር፤ ዓርብን ጨመርሁበት፤ ቀጥሎ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ሦስት ተከታታይ ቀን። በጸሎት ቤታችን የሚያውቁኝ ሁሉ «ወንድማችን በጌታ ፊት እየተጋ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ዕዳ እየከፈልሁ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን መባ 6,400 ብር ሰርቄአለሁ፤ ያን ብር በጾም ቀን ተምኜ ለእግዚአብሔር እመልስለት ነበር። ለማንም አልነገርሁም።

ይህን ዛሬ የምጽፈው እንደ እኔ የሚያደርግ ሰው በየጉባኤው መኖሩን ስለማውቅ ነው። የእርሱ ብር ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር ይሆናል። ግን አንድ ነገር ደብቆ፣ ለደበቀው ነገር በሌላ በኩል እየከፈለ፣ ክፍያው ሲከብደው ደግሞ ሌሎች ላይ እየጨከነ የሚኖር ሰው። ያ ሰው ቢያነብበው ብዬ ነው።

በሐዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጌታን የተቀበልሁት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የዚያን ሰሞን ያህል ልቤ ቀልሎኝ አያውቅም፤ ማለዳ ማለዳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ ሐይቁን እያየሁ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ስንት ቀን እንደ ወጣሁም አልቆጠርሁም። ቆጠራው የመጣው በኋላ ነው፤ የመጣውም በመልካም ምክር በኩል ነው። «የጽሞና ጊዜ ይኑርህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያስፈልጋል። እኔ ግን ቁጥር የምወድድ ሰው ነኝና ሠንጠረዥ ሠራሁለት። የመጽሐፍ ቅዱሳችን ስድሳ ስድስቱ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፍ አላቸው፤ በቀን ሦስት ወይም አራት ምዕራፍ ቢነበብ በዓመት ያልቃል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መጸለይ፣ ረቡዕ መጾም፣ አሥራት ማውጣት። ለእያንዳንዱ በየዕለቱ አንድ ሳጥን አሰመርሁ፤ በፈጸምሁት ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ያልፈጸምሁት ባዶውን ይቀራል።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ አምስት ደብተር ሞላሁ። ሳጥኖቹ የሞሉበት ሳምንት ከሆነ እሑድ ከፊት እቀመጣለሁ። ያልሞሉበት ሳምንት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ይህን ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመት አላስተዋልሁትም። እግዚአብሔር እኔን ለማየት ደብተሬን የሚገልጥ ይመስለኝ ነበር።

በኅዳር 2008 እናቴ በጠና ታመመች፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ገንዘብ አልነበረኝም። በጉባኤያችን ያለ ማመንታት የሚያበድሩኝ ቢያንስ አራት ወንድሞች ነበሩ። ለምን አልጠየቅኋቸውም? አሥራቱን በታማኝነት የሚያወጣ ሰው አይቸገርም ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ በዚህ ርእስ እናገር ነበር። ብድር ብጠይቅ፣ ወይ ትምህርቴ ስሕተት ነው፣ ወይ እኔ በስውር አሥራት የማላወጣ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ሰው እንዲያስብብኝ አልፈለግሁም። እንግዲህ እዩት፤ ሕግ ጠባቂ መስዬ ለመቆየት ብዬ ሰረቅሁ። ሌላውን ሁሉ የተረዳሁት ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው።

ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። እሑድ መባውን ሦስት ሆነን እንቆጥራለን፤ ሰኞ ወደ ባንክ የምወስደው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ የባንኩን ደረሰኝም የምይዘው እኔ ነኝ። በአራት ሰኞ 1,600፣ 1,600 ብር አስቀረሁ። የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ለችግረኞች እርዳታ» በሚለው ዓምድ አስገባሁት። እናቴ ችግረኛ ናት ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ያን ዓምድ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ዓርብን መጾም የጀመርሁት ብሩን በወሰድሁበት ሰሞን ነው።

በመጋቢት 2010 ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ የመዘምራን አባል መጠጥ ቤት ተቀምጦ ቢራ ሲጠጣ ታየ ተብሎ ጉዳዩ ወደ እኛ ቀረበ። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበር ጾመኛ ነበርሁ። ስድስት ወር ከአገልግሎት ይታገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔ ተነሥቼ የተናገርሁትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ስድስት ወር ያንሳል። ዓመት ይሁን፤ ሌሎቹም ይፈሩ።»

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አባት፣ ተራ ጠየቁ። በደርግ ዘመን የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በየቦታው ሲዘጉ፣ ምእመናን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መፈክር አናሰማም፣ እጃችንን አናነሣም በማለታቸው ብዙዎች ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። እኚህ አባት ከታሰሩት አንዱ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ የሚከበሩትም በዚሁ ነው።

«ሁላችሁም መታሰሬን ታውቃላችሁ» አሉ። «እንዴት እንደ ተፈታሁ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መፈክር አሰማና እጅህን አንሣ አሉኝ። አብረውኝ የነበሩት እንቢ ብለው እዚያው ቀሩ። እኔ ይህን እጄን አነሣሁ።» ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሥሮቹ የተገታተሩ፣ አውራ ጣቱ በመጥረቢያ የተሰነጠቀ የገበሬ እጅ ነው። «በሦስተኛው ቀን ጉባኤያችን በቤቷ የሚደረግባት ሴት ላከችብኝ። ወሬው ተሰምቷል፤ ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ሄድሁ። ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። በዚህ እጄ ላይ ውኃ አፈሰሰችልኝ፤ ምሳ አቀረበችልኝ። አንዲት ቃል ሳልናገር ነው። ያለቀስሁት ከበላሁ በኋላ ነው፤ የተናዘዝሁትም ከበላሁ በኋላ ነው። እርሷ በሩን ዘግታብኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር።»

ዝም አልን። ሰብሳቢው አመሰገኗቸው። ከዚያም ድምፅ ሰጠንና ልጁን ለስድስት ወር አገድነው። ሲጠራ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ፤ «እሺ» ብሎ ወጣ፤ ስድስቱ ወር ሲያልቅም አልተመለሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም። ለሦስት ሳምንት ያህል ደብተሬን ስከፍት የማየው ያን እጅ ነው። ሳጥኖቹን ሁሉ ብሞላ፣ ዓመቱን በሙሉ ብጾም፣ እኚህ አባት በአንድ ደቂቃ የተናገሩትን ያህል እውነት መናገር እንደማልችል ገባኝ። እርሳቸውን ነጻ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድሁ።

ቡና እየተፈላ ነበር። ደብተሩን በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ ለምን እንደ ያዝሁት አላውቅም፤ ምናልባት መከላከያ ይሆነኛል ብዬ ይሆናል። ቁጥሩን ነገርኋቸው። ቀኑን፣ የባንኩን ደረሰኝ፣ «ለችግረኞች እርዳታ» ያልሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝና መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «እናትህ ዳነች?» ብለው ነው።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ችሎት ቆሜ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ለሌላ ጥያቄ ነበር። «አዎን፣ ድናለች» አልሁና እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ከለቅሶው በኋላ ግን ያው ሒሳብ መምህር ሆንሁ። አራት እጥፍ እከፍላለሁ አልኋቸው፤ 25,600 ብር። በሉቃስ ወንጌል ያለው ቀራጭ፣ ዘኬዎስ፣ አራት እጥፍ መልሷል። ካልሆነም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው አንድ አምስተኛ ልጨምር፤ 7,680 ይሆናል። ሁለቱንም በመንገድ ላይ አስልቼ ነው የመጣሁት። ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንሥተው ሉቃስ 19ን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። አነበብሁ። «ጌታ ወደ ቤቱ የገባው መቼ ነው? ብሩን ከመለሰ በኋላ ነው?» አሉኝ። አይደለም። ጌታ ከሾላው ዛፍ ሥር ቆሞ ፈጥነህ ውረድ፣ ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል አለው፤ ዘኬዎስም በደስታ ተቀበለው፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤ ምልክት እንዳደረግሁበት እግዚአብሔር ያውቃል። ቅደም ተከተሉን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

«የወሰድኸውን መልስ፤ የሰው ነውና» አሉኝ። «ከዚያ በላይ የምትጨምረው ጌታ እንዲገባልህ ከሆነ፣ እርሱ ገብቶ ተቀምጧል። ለባለቤትህ ነግረሃታል?»

አልነገርኋትም ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ያ ምሽት ነው። በጸጋ መኖር ማለት ሁሉም ወዲያው ይቅር ይልሃል ማለት አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ እወቁት። ባለቤቴ ስለ ብሩ ብዙ አልተናገረችም። ያመማት ጾሙ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን «አባታችሁ ይጸልያል፣ ዝም በሉ» እያለች አሳድጋለች፤ ማታ የማፈስክበትን እያሞቀች እስከ ሁለት ሰዓት ጠብቃኛለች፤ እኔ ቅዱስ ነኝ ብላ እርሷ ራሷን እንደ ደካማ ስትቆጥር ኖራለች። «ብሩን ይቅር ብያለሁ። ጾሙን ግን ጊዜ ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ከዓመት በላይ ፈጀ።

ለሽማግሌዎቹ ጉባኤ ራሴ ቀርቤ ተናገርሁ። ከገንዘብ ያዥነት ተነሣሁ፤ ዕዳው እስኪያልቅ ከማስተማር ዐረፍሁ። በወር 400 ብር፣ ከግንቦት 2010 እስከ ነሐሴ 2011፣ አሥራ ስድስት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። ዛሬ ቆጠራውን ሦስት ሰው ይፈርምበታል፤ ባንክም ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ የደረሰኙ ቅጂ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሥርዓት እንዲያወጡ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጸጋን የተረዳ ሰው ቁጥጥር የሚጠላ ለሚመስላቸው ይህን እነግራቸዋለሁ፤ መታየትን የሚፈራ የሚደብቀው ያለው ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀውም ይኸው ነው፤ «እንዲህ ከሆነ ሰው እንዳሻው አይሆንም ወይ?» ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በሮሜ 6 መጀመሪያ ላይ አንሥቶ «አይደለም» ብሎ መልሶታል። እኔ ግን ከሕይወቴ ልመልስ። የሰረቅሁት ከሕግ በታች ሆኜ ነው። አምስት ደብተር ሙሉ ሕግ ነበረኝ፤ ከአንዲት ሰኞ እንኳ አላዳነኝም። ሕጉ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር በደሌን በደንብ እንድደብቅ ብልሃት ማስተማር ነው። የመለስሁት፣ የተናገርሁት፣ የመባውን ገንዘብ አልይዝም ያልሁት፣ ተቀባይነት እንዳለኝ ካወቅሁ በኋላ ነው። ቲቶ ምዕራፍ 2 ጸጋ ኃጢአተኝነትን እንድንክድ ያስተምረናል ይላል። አስተማሪ ነኝና ይህ ቃል ይገባኛል፤ በሚፈራው መምህር ፊት የሚቀመጥ ተማሪ ያልገባውን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ከጎረቤቱ ይገለብጣል።

ሕግ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። ገላትያ 3፥24 ሕግን ወደ ክርስቶስ የሚያመጣ «ሞግዚት» ይለዋል። በግሪኩ ፓይዳጎጎስ ነው፤ በዚያ ዘመን የሀብታም ቤት ልጅን እጁን ይዞ ወደ መምህሩ የሚያደርስ፣ በመንገድ ላይ የሚቆጣጠረው ባሪያ ነበር። ሥራው ማድረስ ነው። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ከሞግዚቱ ጋር በሩ ላይ ስቆም፣ ወደ ውስጥ ሳልገባ ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ይህን የተረዳ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም ማለትም አይደለም። ደብተሩን ትቼ ሦስት ወር ሳይሞላኝ፣ «ዛሬ ያለ ፍርሃት ጸለይሁ፣ ትናንት ግን አልቻልሁም» እያልሁ በልቤ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። ጸጋውንም ሠንጠረዥ አደረግሁት። «በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?» የሚለው ቃል ለእኔ የተጻፈ ነው። አሁን ምን አደርጋለሁ? ጠዋት እነሣለሁ፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት፤ ግን አልመዘግብም። ተኝቼ የቀረሁ ዕለት ለማካካስ ብዬ ምሳዬን አልተውም፤ «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኝ ነበር» ብዬ ሥራዬን እሄዳለሁ። እሑድ ሆነ ብዬ ከፊት እቀመጣለሁ፤ በተለይ ሳምንቱ ክፉ ከነበረ። የምጾመውም ከማንም ጋር ሒሳብ ሳይኖረኝ ነው፤ ለባለቤቴም ለምን እንደምጾም እነግራታለሁ። ጾም እንዲህ ሲሆን ርቦኝ እንኳ ደስ ይለኛል።

አንተ ወይም አንቺ የተሸከማችሁት ነገር ካለ፣ የምመክረው አንድ ሰው እንድትፈልጉ ነው። ብርቱ ሰው አትፈልጉ፤ ምሕረት የተደረገለት መሆኑን የማይደብቅ ሰው ፈልጉ። በጉባኤ መካከል ወዲያው አትቁሙ። ስትነግሩትም «ብዙ ድካም አለብኝ» አትበሉ፤ ያን ሁላችንም እንላለን። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የነገሩን ስም ንገሩት። እኔ «6,400» የሚለውን ቃል ከአፌ እስካወጣ ድረስ የጸለይሁት ጸሎት ሁሉ በነገሩ ዙሪያ የሚዞር ነበር። የሚመለስ ነገር ካለ መልሱ፤ የሚጎዳ ሰው ካለ በሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእናንተ ይስማ።

ሽማግሌ ሆናችሁ በሰው ላይ የምትወስኑም ካላችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁት። እኛ ያን ልጅ አንድ ጥያቄ አልጠየቅነውም። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ከሚበላበት ማዕድ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ጳውሎስ ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው በገላትያ 2 ተጽፏል። ጳውሎስ ያን ከማዕድ መራቅ ከወንጌል እውነት ጋር አያይዞ ተናገረበት። እኔም አንድ ወጣት ከማዕዱ እንዲነሣ እጄን አውጥቻለሁ፤ በዚያው እጅ የሰረቅሁ ሰው ሆኜ።

በሰኔ 2010 ፈልጌ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ መስዬ ገባሁ፤ በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ የት ላድርስዎት?» አለኝ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ አሞራ ገደል አልሁት። በመንገድ ላይ ስለ ብሩ ነገርሁት፤ ዓመት ይታገድ ያልሁት እኔ እንደሆንሁም ነገርሁት፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ያን ዕለት ለምን እንደ ጠጣሁ ማንም አልጠየቀኝም» አለ። እኔም «አሁን ልጠይቅህ?» አልሁት። «አሁን አልነግርዎትም» አለና ሒሳቡን ተቀበለኝ። መልሱን በሳንቲም ሳይቀር ቆጥሮ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር በእርሱ ባጃጅ እሄዳለሁ። የጸሎት ቤትን ነገር አላነሣበትም። በሁለተኛው ዓመት ለምን እንደ ጠጣ ነገረኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው አሞራ ገደል ዓሣ ልጋብዝህ አልሁት። ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ማስታጠቢያውና ጆጉ ሲመጣ፣ ታናሽ ነውና እጁን ሰደደ፤ ቀድሜው ጆጉን አነሣሁ። «ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው!» አለኝ። «እጅህን ዘርጋ» አልሁት። ጥቂት አመነታና ዘረጋ። በጥፍሮቹ ሥር የሞተር ቅባት ገብቶበታል፤ ቶሎ አይለቅም። ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ አፈሰስሁለት። አስተናጋጁ ዓሣውን ይዞ መጣ።